የእስራቱን ወጪ የሚችለው ማን ነው? ኢኮኖሚና ቅጣት በታዳጊ አገሮች

ኤል ሳልቫዶር እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ ላይ 40,000 ሰው ይይዛል የተባለውን ግዙፍ እስር ቤት ከከፈተች ወዲህ፣ በላቲን አሜሪካም ሆነ ከዚያ ውጭ ባሉ ታዳጊ አገሮች አንድ ዓይነት ክርክር በተደጋጋሚ ይሰማል። ሆንዱራስ በ2024 አጋማሽ 20,000 እስረኞችን የሚይዝ እስር ቤት እንደምትሠራ አስታውቃለች። በክርክሩ አንደኛው ወገን ወንጀልን የሚወልደው ድህነት ስለሆነ፣ ድህነት እስካልቀነሰ ድረስ እስር ቤት ቢሠራም ባይሠራም ለውጥ አይመጣም ይላል። ሌላኛው ወገን ደግሞ ድሃ ሁሉ ወንጀለኛ አይደለምና የችግሩ ሥር የመንግሥት መለሳለስ ነው፣ መድኃኒቱም የጠነከረ ክንድና ተጨማሪ እስር ቤት ነው ብሎ ይመልሳል።

ሁለቱም ወገኖች የሚናገሩት ስለ ወንጀለኛው ነው። ኢኮኖሚ ግን ከወንጀለኛው ይልቅ በቅጣቱ ላይ የበለጠ ይበረታል። የትኛው ድርጊት ወንጀል እንደሚባል፣ ከተያዙት ሰዎች መካከል ማን በዚያው ዕለት ወደ ቤቱ እንደሚመለስና ማን ለዓመታት እንደሚቆይ፣ የታሰረውንም ሰው ቀለብ ማን እንደሚችል የሚወስነው በአብዛኛው ገንዘብ ነው። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ በአጭሩ ሲቀመጥ፣ የአገር ድህነት የእስረኛውን ብዛት ከመወሰን ይልቅ የሚታሰረውን ሰው ማንነትና የእስራቱን ዓይነት ይወስናል የሚል ነው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

ድሃ አገር ብዙ ሰው ያስራል?

አገሮችን ለማነጻጸር የሚያገለግለው መለኪያ የእስራት ምጣኔ ይባላል፤ ከ100,000 ነዋሪዎች መካከል ስንቱ እስር ላይ እንዳለ ያሳያል። በዚህ መለኪያ ሕንድ ወደ 40 ገደማ፣ ናይጄሪያ ደግሞ ከዚያም ያነሰ እስረኛ አላቸው። ከዓለም ሀብታም አገሮች አንዷ በሆነችው በአሜሪካ ቁጥሩ ከ500 ይበልጣል። እንግዲህ ድህነት ወንጀልን፣ ወንጀልም እስራትን ያበዛል የሚለው ቀላል ሰንሰለት እዚህ ላይ ይበጠሳል። ብዙ ድሃ አገሮች ጥቂት ሰው የሚያስሩት ወንጀል ስለሌለባቸው ወይም መሪዎቻቸው ርኅሩኅ ስለሆኑ አይደለም። ሰው ለማሰር መርማሪ፣ ዐቃቤ ሕግ፣ ዳኛ፣ ዋርድያ፣ ሕንፃና ቀለብ ያስፈልጋል፤ እነዚህ ሁሉ ገንዘብ ይፈልጋሉ። የመንግሥት እጅ በማይደርስባቸው አካባቢዎች ደግሞ ብዙው ጥፋት የሚዳኘው በሽማግሌ፣ በካሳና በዕርቅ ነው፤ አንዳንድ ጊዜም በደቦ ፍርድ።

የብራዚል ታሪክ ነገሩን ከሌላ አቅጣጫ ያሳያል። በ1990 በአገሪቱ የነበሩት እስረኞች 90,000 ገደማ ሲሆኑ፣ በ2016 አጋማሽ ከ700,000 በልጠው ተገኝተዋል። በእነዚህ ዓመታት መካከል፣ በተለይም ከ2003 በኋላ ባሉት አሥር ዓመታት፣ የብራዚል ኢኮኖሚ አድጓል፤ ድህነትም በግልጽ ቀንሷል። ድህነት ሲቀንስ እስረኛው ከበዛ ምክንያቱን ሌላ ቦታ መፈለግ ግድ ይላል። አንዱ ምክንያት በ2006 የወጣው የአደንዛዥ ዕፅ ሕግ ነው። ሕጉ በተጠቃሚና በአዘዋዋሪ መካከል የሚለይ የመጠን ወሰን አላስቀመጠም፤ ልዩነቱ ዕፁ በተገኘበት ቦታና በሰውዬው ሁኔታ እንዲታይ ለፖሊስና ለዳኛ ተወው። በተግባርም ተመሳሳይ መጠን ይዘው የተገኙ ሁለት ሰዎች፣ አንዱ በሀብታም ሰፈር ተጠቃሚ፣ ሌላው በድሃ ሰፈር አዘዋዋሪ ሊባሉ ቻሉ። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለካናቢስ የ40 ግራም መለያ ያስቀመጠው ከ18 ዓመት በኋላ፣ በ2024 ነው። መንግሥት ለማሰር የሚያስችል አቅም ሲያገኝ፣ በሀብት ረገድ የተራራቀ ማኅበረሰብ ያንን አቅም በማን ላይ እንደሚያውለው ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ሥራ ፈላጊውና ሠራተኛ ፈላጊው

ቅጣት ከኢኮኖሚ ጋር የተያያዘ መሆኑን በሰፊው ያስረዱት ጆርጅ ሩሸ እና ኦቶ ኪርክሃይመር የተባሉ ሁለት ጀርመናውያን ምሁራን ሲሆኑ፣ በ1939 የታተመው ጥናታቸው እስከ ዛሬ ያከራክራል። መነሻቸው ቀላል ነው፤ የሰው ጉልበት በተወደደበት ዘመን ቅጣት ጉልበትን መጠቀሚያ ይሆናል፣ ጉልበት በረከሰበት ዘመን ደግሞ ቅጣት ይጭክናል፤ የእስረኛውም ሕይወት ዋጋ ያጣል። ለዚህ ከሚቀርቡት ማስረጃዎች አንዱ ብሪታንያ ከ1788 እስከ 1868 ድረስ ከ160,000 በላይ ፍርደኞችን ሠራተኛ ወዳጣችው አውስትራሊያ በመርከብ ማጋዟ ነው።

በአፍሪካ ይህ ግንኙነት ከየትኛውም ቦታ ይልቅ ገሃድ ወጥቶ ታይቷል። ቅኝ ገዢዎች በብዙ ግዛቶቻቸው የጎጆ ግብር ሲጥሉ፣ ግብሩ በጥሬ ገንዘብ እንዲከፈል ያደረጉት ያለ ምክንያት አልነበረም። ገንዘቡን ለማግኘት ገበሬው ከማሳው ወጥቶ በማዕድን ጉድጓድ ወይም በሰፋፊ እርሻ መቀጠር ነበረበት፤ ያልከፈለውም ይታሰርና መንገድ ይሠራል። ስለዚህ ዘመናዊው እስር ቤት ወደ ብዙ የአህጉሩ ክፍሎች የገባው ከግብር ሰብሳቢው ጋር ነው ማለት ይቻላል። በደቡብ አፍሪካ ደግሞ የይለፍ ወረቀት ሳይዙ የተገኙ ጥቁሮች እስር ቤት ከመግባት ይልቅ በነጭ ገበሬዎች እርሻ ላይ “በፈቃዳቸው” እንዲሠሩ ይደረግ ነበር። በቤታል አካባቢ የነበሩ የድንች እርሻዎች የጉልበት ሠራተኞችን የያዙበት ሁኔታ ሲጋለጥ፣ በ1959 ሕዝቡ ድንች አልበላም ብሎ ያደመበት ዘመቻ ተካሂዷል። የይለፍ ሕጎቹ የተሻሩት በ1986 ነው። በዚያ ሥርዓት ውስጥ የታሰረ ሰው ጥፋቱ ምን ነበር ብሎ ለሚጠይቅ፣ መልሱ ከሕግ መጽሐፍ ይልቅ በእርሻ ባለቤቶች የሠራተኛ ፍላጎት ውስጥ ይገኛል።

ሆኖም የሩሸና የኪርክሃይመር ትንታኔ ለዛሬዎቹ ታዳጊ አገሮች እንዳለ አይሠራም። ዛሬ በአብዛኞቹ ውስጥ የጉልበት እጥረት የለም፤ በአንጻሩ ሥራ ያጣ ወጣት ሞልቷል። የእስር ቤት ፋብሪካና እርሻ ባሉባቸው ቦታዎችም ቢሆን አብዛኛው እስረኛ ቀኑን ሙሉ ያለ ሥራ ይውላል። በኢኮኖሚ አቋማቸው የሚመሳሰሉ ጎረቤታሞች በእስራት ምጣኔያቸው በጣም መራራቃቸውም ፖለቲካ፣ የሕግ ወግና የሕዝብ ፍርሃት የራሳቸው ድርሻ እንዳላቸው ያሳያል። ስለዚህ ከጥናቱ መውሰድ የሚገባው ጥያቄውን እንጂ መልሱን አይደለም ብዬ አምናለሁ። ጥያቄው አንድ ማኅበረሰብ “ትርፍ” ብሎ ያያቸውን ሰዎች የት ያስቀምጣቸዋል የሚል ነው።

መንገድ ላይ መገኘት እንደ ወንጀል

በ2015 በማላዊ አንድ የመንገድ ላይ ነጋዴ ከንጋቱ 10 ሰዓት ገደማ የሚሸጣቸውን የፕላስቲክ ከረጢቶች ይዞ ወደ ገበያ ሲሄድ ፖሊስ ያዘው። አልሰረቀም፤ ማንንም አልነካም። የተከሰሰው “ዱርዬና ቦዘኔ” ተብሎ ነው፤ በዚያ ሰዓት በመንገድ ላይ መገኘቱ ለክሱ በቂ ነበር። ነጋዴው ግን ሕጉ ራሱ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ተከራከረ፤ ከፍተኛው ፍርድ ቤትም በጥር 2017 አንቀጹን ሻረው።

አንቀጹ ማላዊ ውስጥ የተወለደ አልነበረም። ሥሩ ብሪታንያ በ1824 ያወጣችው የቦዘኔ መቆጣጠሪያ ሕግ ነው፤ ከዚያ በቅኝ ግዛት በኩል ወደ ብዙ የአፍሪካ፣ የእስያና የካሪቢያን አገሮች ተገልብጦ ገብቷል። ሕጉ የሚቀጣው የተፈጸመን ድርጊት ሳይሆን የሰውን ሁኔታ፣ ማለትም ቋሚ አድራሻ ማጣትን፣ መተዳደሪያን ማሳየት አለመቻልን፣ ያለ ግልጽ ምክንያት መንገድ ላይ መቆምን ነው። የአፍሪካ የሰዎችና የሕዝቦች መብቶች ፍርድ ቤት በታኅሣሥ 2020 በሰጠው የምክር አስተያየት እንዲህ ያሉ ሕጎች ከአፍሪካ ቻርተር ጋር እንደሚጋጩና መሻሻል ወይም መሻር እንዳለባቸው አስታውቋል።

ጉዳዩ የጥቂት ሰዎች ጉዳይ እንዳይመስል የሥራ ገበያውን ማየት ያስፈልጋል። የዓለም የሥራ ድርጅት በ2018 ባወጣው ዘገባ ከዓለም ሠራተኞች ከ60 በመቶ በላይ፣ በአፍሪካ ደግሞ ከ85 በመቶ በላይ የሚሆኑት ኢ-መደበኛ በሆነ ኢኮኖሚ ውስጥ እንደሚሠሩ ገልጿል። ኢ-መደበኛ ማለት ያለ ቅጥር ውል፣ ያለ ንግድ ፈቃድና ያለ ማኅበራዊ ዋስትና የሚሠራ ሥራ ነው። ጉልት፣ ሱቅ በደረቴ፣ ጫማ መጥረግ፣ ዕቃ ማውረድና መጫን ከዚህ ይመደባሉ። አንድ አገር ለአብዛኛው ዜጋዋ መደበኛ ሥራ ማስገኘት ሳትችል፣ መደበኛ ያልሆነውን ሥራ በደንብ መተላለፍ ስም ስትቀጣ፣ ሰዎቹ በሕይወት ለመቆየት የሚያደርጉትን ነገር ጥፋት ብላ ጠርታዋለች ማለት ነው። በእርግጥ የከተማ አስተዳደሮችም የራሳቸው መከራከሪያ አላቸው፤ የእግረኛ መንገድ ሲዘጋ ሌላው ነዋሪ ይጎዳል፣ ግብር የሚከፍለው ባለሱቅም ያማርራል። ይህ እውነተኛ የጥቅም ግጭት ነው። ግጭቱን በቦታ ድልድልና በፈቃድ አሰጣጥ መፍታት እየተቻለ በፖሊስ ጣቢያ ማደሪያ ለመፍታት መሞከሩ ግን የባሰ ወጪ ያስከትላል።

የቀጠሮ እስረኛ

ኢኮኖሚ ከሁሉ ይልቅ ጉልበቱን የሚያሳየው ከፍርድ በፊት ባለው ጊዜ ነው። በዓለም እስር ቤቶች ካሉት ከ11 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ወደ አንድ ሦስተኛ የሚጠጉት ገና ያልተፈረደባቸው፣ በእኛ አነጋገር የቀጠሮ እስረኞች ናቸው። በታዳጊ አገሮች ድርሻው ከዚህ በብዙ ሊርቅ ይችላል። በሕንድ ከአራት እስረኞች ሦስቱ ገደማ የቀጠሮ ናቸው፤ በሄይቲ ደግሞ ከ80 በመቶ ይበልጣሉ። የሕንድ የእስራት ምጣኔ ዝቅተኛ መሆኑን ከላይ አይተናል። ሁለቱ ቁጥሮች አንድ ላይ ሲነበቡ ሥዕሉ ይጠራል፤ የሚታሰረው ሰው ጥቂት ነው፣ ከታሰሩት መካከል ግን ጥፋተኛ መሆናቸው የተረጋገጠው ሩብ ገደማ ብቻ ናቸው።

ይህ የሚሆንበት መንገድ ብዙ ጊዜ በዝርዝር ስለማይነገር እዚህ ላይ መቆየት ተገቢ ነው። ዋስትና ማለት ተከሳሹ በቀጠሮው ቀን እንደሚቀርብ ማስተማመኛ መስጠት ነው። ዳኛው ማስተማመኛውን የሚመዝነው በገንዘብ፣ በቋሚ አድራሻ፣ በቋሚ ሥራ፣ ወይም ንብረት ባለው ዋስ ነው። የቀን ሠራተኛው የደሞዝ ወረቀት የለውም። የቤት ኪራይ ውሉ የቃል ነው። ከገጠር ወደ ከተማ የመጣ ከሆነ፣ ካርታ አስይዞ ዋስ የሚሆነው ዘመድ በአቅራቢያው የለም። ስለዚህ ሕጉ ለሁሉም እኩል ያስቀመጠው መብት በእርሱ ዘንድ የማይደረስበት ይሆናል። ዳኛው አድልዎ አላደረገም፤ መመዘኛው ራሱ ደሞዝተኛንና ባለንብረትን ታሳቢ አድርጎ የተሠራ ነው።

ከዚያ ቀጠሮው ይመጣል። የእስር ቤቱ መኪና ነዳጅ ስለሌላት ወይም ስለተበላሸች እስረኛው አይቀርብም። ምስክሩ ሩቅ ቦታ ስላለና የመጓጓዣ አበል ስለማይከፈለው ይቀራል። መርማሪው ተዛውሯል፤ መዝገቡ ጠፍቷል። በመንግሥት ወጪ የሚቆመው ተከላካይ ጠበቃ በእጁ ያለው መዝገብ ከአቅሙ በላይ ስለሆነ ተከሳሹን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያየው በችሎት ነው። እያንዳንዱ ቀጠሮ ሲራዘም የሚያልፈው ጊዜ የእስረኛው ነው። የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1979 የቢሃር ግዛት እስረኞችን ጉዳይ ሲመረምር፣ በተከሰሱበት ወንጀል ቢፈረድባቸው ሊታሰሩ ከሚችሉት ከፍተኛ ዘመን በላይ ፍርድ ሲጠብቁ የኖሩ ሰዎችን አግኝቷል። ከዚያ በኋላ የወጡ ሕጎች ከቅጣቱ ጣሪያ ግማሹን የጨረሰ የቀጠሮ እስረኛ እንዲለቀቅ አዘዙ፤ በ2024 ሥራ ላይ የዋለው አዲሱ የሥነ ሥርዓት ሕግ ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ለተከሰሰ ሰው ጊዜውን ወደ አንድ ሦስተኛ ዝቅ አድርጎታል።

በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ በስታቲስቲክስ የማይታይ ውሳኔ አለ። ስድስት ወር በቀጠሮ የቆየ፣ ጥፋቱን ቢያምን ግን በሦስት ወር ቅጣት ወዲያው እንደሚወጣ የተረዳ ሰው፣ ያላደረገውን አደረግሁ ብሎ ያምናል። ቤተሰቡ ስለሚራብ ያምናል። በመዝገቡ ላይ ከዚያ ወዲያ ወንጀለኛ ነው፤ ቀጣሪ ሲጠይቀውም ወንጀለኛ ነው። ገንዘብ የነበረው ሰው በዋስ ወጥቶ፣ ጠበቃ ቀጥሮ፣ በተመሳሳይ ማስረጃ ነፃ ሊባል ይችል ነበር። የወንጀል መዝገቦችን ቆጥረው ድሃ ወንጀል ይሠራል የሚሉ ሰዎች ይህን ልብ ሊሉት ይገባል፤ መዝገቡ የሚያሳየው የተፈጸመውን ወንጀል ብቻ ሳይሆን መከራከር ያልቻለውንም ሰው ነው።

የገንዘብ መቀጮም ወደዚሁ ይመራል። መቀጮውን መክፈል ያልቻለ በምትኩ ይታሰራል የሚለው ድንጋጌ በብዙ አገሮች ይሠራል። ሕግ አውጪው ጥፋቱ ለእስራት የማያበቃ መሆኑን ወስኖ ሳለ፣ ለከፋዩ መቀጮ፣ ለማይከፍለው እስራት የሆነ አንድ ቅጣት ለሁለት ይከፈላል ማለት ነው።

ስንቅ

በብዙ ታዳጊ አገሮች በእስር ቤት በር ላይ ማለዳ ሰልፍ አለ። አብዛኞቹ ሰልፈኞች ሴቶች ናቸው፤ እናት፣ ሚስት፣ እህት። ሳህን በጨርቅ ጠቅልለው፣ ሳሙናና መድኃኒት በፌስታል ይዘው ይቆማሉ። ዋርድያው ምግቡን ያስቀምሳቸዋል፣ ዕቃውን ይበረብራል፣ አንዳንድ ቦታ ለመግቢያ የሚጠየቅ ነገርም አለ። ሰልፉ ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ ሰልፈኛዋ የቀን ሠራተኛ ከሆነች የዚያን ቀን ገቢ አጥታለች። ቀድሞ ሁለት ሰው ይሠራበት የነበረ ቤት አሁን አንድ ሠራተኛና አንድ ተጨማሪ ተጧሪ አለው።

ይህ ሰልፍ የእስር ቤቱ በጀት አካል ነው፤ በየትኛውም የሒሳብ መዝገብ ግን አልሰፈረም። መንግሥት ሰውን ሲያስር ሠርቶ የመብላት ነፃነቱን ስለሚነጥቀው ቀለቡን የመቻል ግዴታ ይወስዳል፤ የተባበሩት መንግሥታት በ2015 ያጸደቃቸው የኔልሰን ማንዴላ ደንቦችም ምግብን የእስር ቤቱ አስተዳደር ኃላፊነት አድርገውታል። ገንዘቡ ሳይበቃ ሲቀር ወጪው ይጠፋል ማለት አይደለም፤ ወደ ቤተሰብ ይዞራል። ቤተሰቡ ሩቅ የሆነበት ወይም የከዳው እስረኛ ደግሞ ቀድሞ የሚጠወልገው ነው። የሳንባ ነቀርሳ በእስር ቤቶች ውስጥ ከውጭው ሕዝብ በብዙ እጥፍ የሚበዛውም መጨናነቁ ላይ የምግብ እጥረት ስለሚታከልበት ነው።

መንግሥት የለቀቀውን ቦታ ሌላ ይሞላዋል። የቦሊቪያ መንግሥት መቀመጫ በሆነችው በላ ፓዝ በሚገኘው በሳን ፔድሮ እስር ቤት እስረኞች መኝታ ክፍላቸውን እንደ ቤት ይገዛሉ፣ ይከራያሉ፤ ገንዘብ ያለው ሰፊ ክፍል፣ የሌለው ኮሪደር ያገኛል። በብራዚል፣ በሳኦ ፓውሎ በካራንዲሩ እስር ቤት 111 እስረኞች በፖሊስ ከተገደሉ ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በ1993፣ በዚያው ግዛት እስር ቤት ውስጥ የተመሠረተው ፒሲሲ የተባለ ቡድን አባላቱን መዋጮ እያስከፈለ ጠበቃ፣ ንጽሕና መጠበቂያና ለጠያቂ ቤተሰብ የሚሆን አውቶቡስ እያቀረበ አደገ፤ ዛሬ ከእስር ቤት ውጭ ያለውን የዕፅ ንግድ ከሚቆጣጠሩት ዋነኛ ድርጅቶች አንዱ ነው። በጀት ለመቆጠብ ተብሎ የተተወ ወጪ ከዓመታት በኋላ በሌላ መልክ ተመልሶ መጥቷል።

የመጨናነቁን ጫፍ ለማየት የኪንሻሳው ማካላ እስር ቤት በቂ ነው። ለ1,500 ሰዎች የተሠራው ግቢ ከ12,000 በላይ ሰዎችን ይዞ፣ አብዛኞቹም ፍርድ እየጠበቁ ሳሉ፣ በመስከረም 2024 ለማምለጥ ሙከራ ተደረገ። መንግሥት በገለጸው መሠረት 129 ሰዎች ሞቱ፤ ከእነርሱ የሚበዙት በጥይት ሳይሆን በመረጋገጥና በመታፈን ነው።

ለዚህ ሁሉ የሚሰጠው የተለመደ መልስ አለ፦ ነፃው ድሃ ጦሙን እያደረ እንዴት ለእስረኛ ይታሰባል? ይህ አስተሳሰብ “ያነሰ ተመራጭነት” (less eligibility) የሚል ስም አለው፤ በእንግሊዝ የ1834 የድሆች ሕግ ዘመን የታወቀ መርሕ ሲሆን፣ የሚረዳ ወይም የታሰረ ሰው ኑሮ ከዝቅተኛው ነፃ ሠራተኛ ኑሮ በታች መሆን አለበት ይላል፤ አለዚያ እስራት ማስፈራቱ ይቀራል። ክርክሩን በንቀት ማለፍ አይገባም፤ ከሕዝብ እውነተኛ ችግር የሚነሳ ነውና። ችግሩ መለኪያው ወለል የሌለው መሆኑ ነው። የድሃው ኑሮ ባሽቆለቆለ ቁጥር እስር ቤቱም እንዲከተለው ያስገድዳል፤ ነፃው ሰው በቀን አንድ ጊዜ በሚበላበት አገር እስረኛው ስንት ጊዜ ይበላ? የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ኮሚቴ ካሜሩናዊው ጋዜጠኛ አልበርት ሙኮንግ ባቀረቡት አቤቱታ ላይ በ1994 ሲወስን፣ አንዳንድ ዝቅተኛ የእስር መመዘኛዎች የአገሩ የዕድገት ደረጃ ምንም ይሁን ምን ሊጠበቁ እንደሚገባ አስፍሯል። የማላዊ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በ2009 መንግሥት ያቀረበውን የአቅም ማነስ ምክንያት ሳይቀበል፣ መጨናነቁን በ18 ወራት ውስጥ በግማሽ እንዲቀንስ አዝዟል። ትዕዛዝ በጀት አይፈጥርም፤ ግን ጥያቄውን ወደ ትክክለኛው ቦታ ይመልሰዋል። ማቀለብ የማይችል መንግሥት ስንት ሰው የማሰር መብት አለው?

የኤል ሳልቫዶር ክርክር

ይህን ጥያቄ ይዞ ወደ ኤል ሳልቫዶር መመለስ ያስፈልጋል። በ2015 ከ100,000 ነዋሪዎች ከ100 በላይ ይገደሉባት የነበረችው አገር፣ በይፋዊ መረጃ በ2024 ቁጥሩን ከ2 በታች አውርዳለች። ነጋዴዎች ለወሮበሎች ይከፍሉት ከነበረው የግዳጅ መዋጮ ተላቅቀዋል፤ ይህም በአብዛኛው የድሆች ሰፈሮች ዕፎይታ ነው። የጠንካራ እርምጃ ደጋፊዎች ድሃው ከማንም በላይ የወንጀል ሰለባ ነው ሲሉ ትክክል ናቸው፤ የእስራትን ጉዳት ብቻ እየቆጠረ ይህን የሚዘልል ትንታኔ ጎዶሎ ነው።

በሌላው ወገን ያለው ሒሳብ ደግሞ ይህ ነው። ከመጋቢት 2022 ጀምሮ በሚታደሰው አስቸኳይ ጊዜ ከ80,000 በላይ ሰዎች ተይዘዋል፤ የእስራት ምጣኔው ከ100,000 ነዋሪዎች ከ1,000 በልጧል። ብዙዎቹ እስከ ዛሬ አልተፈረደባቸውም። ቤተሰቦች ለታሰሩባቸው ሰዎች የምግብና የንጽሕና ጥቅል እየገዙ ያቀብላሉ፤ ግዙፉና በቴሌቪዥን የሚታየው እስር ቤት ስንቅን አላስቀረም። ሕንፃ መሥራት የአንድ ጊዜ ወጪ ነው፤ በመቶ ሺህ የሚጠጋ ሰው መመገብ፣ ማከምና መጠበቅ ግን የእያንዳንዱ ዓመት ወጪ ነው። ይህን ሞዴል ለመገልበጥ የሚሹ አገሮች የሕንፃውን ዋጋ እንጂ የሠላሳ ዓመቱን ቀለብ ለሕዝባቸው ሲያቀርቡ አይታይም። የግድያው መቀነስ እውነት መሆኑ ይህን ጥያቄ አያስቀረውም።

በአነስተኛ አቅም የተሞከሩ መንገዶች

ድሃ መንግሥት አማራጭ የለውም የሚለው አባባል በራሳቸው በታዳጊ አገሮች ልምድ አይደገፍም። ዚምባብዌ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ቀላል ጥፋት የሠሩ ሰዎች በቤታቸው እያደሩ በትምህርት ቤትና በጤና ጣቢያ ያለ ክፍያ እንዲሠሩ የሚያደርግ የማኅበረሰብ አገልግሎት ቅጣት ጀመረች፤ ኬንያ በ1998፣ ኡጋንዳ በ2000 የየራሳቸውን ሕግ አውጥተው ተከትለዋታል። ተቀጪው ሥራውን አይለቅም፤ ቤተሰቡ ስንቅ አያመላልስም። የብራዚል ሕግ መቀጮን በቀን ገቢ ልክ እንዲሰላ ያደርጋል፤ ከ1996 ጀምሮም ያልተከፈለ መቀጮ ወደ እስራት እንዳይለወጥ ከልክሏል። የሕንድ መንግሥት በ2023 ባወጣው መርሐ ግብር የዋስትና ገንዘብ ላጣ የቀጠሮ እስረኛ እስከ 40,000 ሩፒ፣ መቀጮ መክፈል ላቃተው ፍርደኛ እስከ 25,000 ሩፒ እንዲከፈል ፈቅዷል። መንግሥት ራሱ የጠየቀውን ዋስትና ራሱ መክፈሉ ግራ የሚያጋባ ይመስላል፤ ሰውን ከማቀለብ ግን ይረክሳል።

ከሁሉ ይልቅ ትኩረቴን የሚስበው የማላዊ ልምድ ነው። ከ2000 ጀምሮ የሕግ ረዳቶች፣ ማለትም መሠረታዊ የሕግ ሥልጠና የወሰዱ ግን ጠበቃ ያልሆኑ ሰዎች፣ በየእስር ቤቱ እየገቡ ሁለት ነገር ይሠራሉ። አንደኛው የቀጠሮ እስረኞችን ሰብስቦ ዋስትና እንዴት እንደሚጠየቅ፣ ለዳኛ ምን እንደሚባል በትወና ጭምር ማስተማር ነው። ሁለተኛው መዝገብ ማጣራት ነው፤ ማን መቼ ገባ፣ ቀጠሮው መቼ አለፈ፣ ፋይሉ የት ጣቢያ ቀረ፣ ዋስ የሚሆነው ዘመድ የት ይኖራል የሚለውን በስልክና በእግር እየተከታተሉ ዝርዝሩን ለዳኛ ያቀርባሉ። ዳኞችም ወደ እስር ቤቱ እየመጡ በዝርዝሩ ላይ ተመሥርተው ይወስናሉ። በዚህ መንገድ በአገሪቱ እስር ቤቶች የነበረው የቀጠሮ እስረኞች ድርሻ በእጅጉ ቀንሷል፤ ሥራው ከሠራተኞቹ ደሞዝ ሌላ ለመጽሐፍ፣ ለአውቶቡስና ለስልክ ካርድ ከሚወጣው የዘለለ ገንዘብ አይጠይቅም። የሕግ ረዳቶቹ ደሞዝ ግን ለብዙ ዓመታት የመጣው በዋነኛነት ከውጭ ለጋሾች እንጂ ከመንግሥት በጀት አልነበረም፤ የለጋሹ የድጋፍ ዘመን በሚያበቃበት ዓመት ዝርዝሩን የሚይዘው ሰው ማን እንደሚሆን በየፍትሕ ሚኒስቴሩ በጀት ላይ ገና አልተጻፈም።